«ይሰፋል» ያላት ጫማ

ሁለቱ ሴቶች የመስታወቱን በር ገፍተው ሲገቡ፣ እሱ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ የአንድ ወፍራም ሰውዬን ጫማ እያሰረ ነበር። «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሊል ቀና ብሎ አፉን ከፈተ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

እሷ ነበረች።

ከስፖርት ልብስ ውጪ አይቷት አያውቅም። እሁድ እሁድ ጧት፣ ፀሐይ ከዛፎቹ አናት ብቅ ሳትል፣ ከከተማው ዳር ባለው የአፈር መንገድ አብረው ሲሮጡ፣ ፀጉሯ በላስቲክ ታስሮ፣ ፊቷ በላብ ወዝቶ ነው የሚያውቃት። ዛሬ ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች። ከጎኗ ሽበቷን በሥርዓት ያበጠረች፣ ቀጥ ያለች፣ ዣንጥላዋን እንደ በትር የጨበጠች ሴት አለች። እናቷ መሆኗን ለማወቅ ግንባሯን ማየት በቂ ነበር።

በሩጫ ቡድናቸው ሰው በስሙ አይጠራም። እሷ «የጥርስ ሐኪሟ» ናት፤ ሥራዋ ስለሆነ። እሱን «ኢንጂነር» ይሉታል፤ ሥራው ግን አይደለም። ስሙን ያወጣለት ጡሩምባ የሚሉት ቀልደኛ ነው። እሱ ከኋላ እየሮጠ «ያንተ ቀኝ እግር ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ያንቺ ተረከዝ መሬቱን ይደበድባል» ማለት ስለሚያበዛ፣ ጡሩምባ አንድ ጧት ቆም ብሎ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ኢንጂነር ነው! እንደ ድልድይ እኮ ነው የሚመረምረን!» አለና ስሙ በዚያው ጸደቀ። የጥርስ ሐኪሟ ቡድኑን የተቀላቀለችው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ እየጠጡ ሳለ «ለመሆኑ የምን ኢንጂነር ነህ? የሕንፃ ነው የመንገድ?» ስትለው «የመንገድ» አላት።

አንዲት ቃል ናት። ከአፉ ስትወጣ ክብደት እንኳ አልነበራትም። እያደር ግን ከበደችው። እሷ ስትስቅለት ከበደችው፤ በዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሯት ክንዱን ስትይዝ ከበደችው። ከሁሉም የከበደችው ባለፈው እሁድ ነው። «በውድድሩ ቀን ከጎኔ ከሮጥክ እጨርሳለሁ። ከጨረስኩ ደግሞ ከእናቴ ጋር አስተዋውቅሃለሁ» አለችውና፣ ደፍራ የተናገረችው ነገር እሷኑ አስደንግጧት ሮጣ አመለጠችው። እሱ ከውድድሩ በፊት እውነቱን ሊነግራት በልቡ ምሎ ነበር። ቀኑን ግን አልቆረጠም።

ቀኑ ራሱ በሩን ገፍቶ መጣ።

ዓይን ለዓይን ተጋጩ። መጀመሪያ ግራ ተጋባች፤ ከዚያ ፊቷ በራ። እጇ ወደ እናቷ ክንድ ሄደ፤ «እማዬ» ልትል ነው። ያንን ፈገግታ ትንሽ ቢታገሰው ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው በሳቅ ባለቀ። አልታገሰም። መሬት የነካ ጉልበቱን፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የሱቁን ካርድ አሰበና ዓይኑን ሰበረ።

«ምን ልታዘዝ፣ እናቴ?» አለ፤ ለእናትየዋ ብቻ።

ልጅቷ እጇን ከእናቷ ክንድ ላይ ቀስ ብላ አነሳች።

«ለልጄ የመሮጫ ጫማ ነው» አለች እናት። «ውድድር ልትገባ ነው፤ እኔ ነኝ የምገዛላት። ደህና አድርገህ ስጠን፣ አታታልለን። ሻጭ እግር አይቶ ሳይሆን ኪስ አይቶ ነው የሚለካው።»

«እማዬ!»

«ምን አልኩ? ቅር አይበልህ የኔ ልጅ፤ አንተን አይደለም፣ በጠቅላላው ነው።»

ከባንኮኒው ጀርባ ካሸሯ ፍርፍር ብላ ሳቀች። «እሱንስ አይሙት እናቴ! እሱ ኪስ ቢያይ ኖሮ ይሄኔ ባለ ሱቅ ነበር።»

እውነቷን ነው። ከእሱ ዘንድ ማንም ሳይለካ ጫማ አይወስድም። ሁለቱም እግር ይለካል፣ ያውም ተቁሞ። የተቀመጠ እግርና የቆመ እግር አንድ አይደለም፤ ግራና ቀኝም እኩል አይሆኑም፤ የሚታመነው ትልቁ ነው። ከዚያ ሰውዬው የሚሮጥበትን ካልሲ አድርጎ ይቆማል። እሱ ተንበርክኮ ከጣቶቹ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መትረፉን በእጁ ያያል፤ ተረከዙ አለመንሸራተቱን ያያል፤ «እስከ መስታወቱ ሮጠው ይመለሱ» ይላል። ሌሎች ሻጮች ሰው ሲቸኩል የሚጥሏትን «ግድ የለም፣ ይሰፋል» የምትል ቃል ይጸየፋታል። የመሮጫ ጫማ እስኪሰፋ የሚጎዳው እግር ነው ይላል።

«ቁጥርዎ ስንት ነው?» ሲል የራሱ ድምፅ የሌላ ሰው መሰለው።

«አርባ አንድ» አለች፣ መደርደሪያውን እያየች።

አርባ አንድ እንዳልሆነች ያውቃል። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ያውቃል። የእግር መለኪያው ብረት ከወንበሩ ሥር፣ እጁን ቢዘረጋ ከሚደርስበት ቦታ ነበር። ግን እሱን ካወጣ መንበርከክ አለ። ተረከዟን በመዳፉ መያዝ አለ፤ በእናቷ ፊት፣ በካሸሯ ፊት፣ «መንገድ እሠራለሁ» ባላት አፉ «ቀጥ ብለው ይቁሙ» ማለት አለ። ብረቱን በእግሩ ገፋ አደረገና ከወንበሩ ሥር አራቀው። ከመጋዘኑ አርባ አንድ አምጥቶ፣ ሳጥኑን አጠገቧ አስቀምጦ፣ ወደ ኋላው ፈቀቅ አለ።

ራሷ አጠለቀችው። ራሷ አሰረችው። ስትቆም ቅንድቧ ጠጋ ጠጋ አለ።

«እንዴት ነው?» አለች እናት።

«ትንሽ ያዝ ያደርገኛል።» ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን አየችው። እናቷን አልነበረም የምትጠይቀው።

ምላሱ ከላንቃው ተላቀቀ፤ የተላቀቀበትን ቃል ግን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

«ይሰፋል» አላት።

ሲወጡ እናትየዋ ብቻ «እግዜር ይስጥልን» አለች። በሩ ሲዘጋ ካሸሯ ከባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ «አንተ! ሳትለካት ሸኘሃት እኮ! ምን ነካህ ዛሬ?» አለችው። እሱ ባዶውን ወንበር እያየ ቆመ። ከሰው ሰርቆ ያመለጠ ሌባ እንኳ ቢያንስ የሰረቀው ነገር በእጁ አለ። እሱ ባዶ እጁን ነበር።

*

እሁድ መጣች፤ ያንኑ ጫማ አድርጋ።

ከጎኑ አልሮጠችም። ከፊት ካሉት ሴቶች መሃል ገብታ ጀርባዋን ሰጠችው። ጡሩምባ ከኋላ ደርሶ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ኢንጂነር፣ ድልድዩ ተሰነጠቀ እንዴ? ምነው በወንዝ ማዶና ማዶ ሆናችሁ?»

«ሩጥ ባክህ።»

«እሮጣለሁ፤ አንተ ግን ወደ ኋላ እየሮጥክ ነው የሚመስለው።»

ዳገቱን በደህና ወጣች። ቁልቁለቱ ሲጀመር ግን የእግሯ ድምፅ ተለወጠበት። ጠባብ ጫማ ዳገት ላይ ምስጢር ይጠብቃል፤ ቁልቁለት ላይ ጣቶች ወደ ፊት እየተንሸራተቱ የጫማውን ጫፍ ሲመቱ ያወጣዋል። እሱ ሳያይ ሰማው። አንዱ እርምጃ ደፈር፣ አንዱ ፈራ፤ አንዱ ደፈር፣ አንዱ ፈራ። እያንዳንዱ የፈራ እርምጃ «ይሰፋል፣ ይሰፋል» እያለ ይሳለቅበት ጀመር።

ከሥር ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ አገኛት። የነጭ ካልሲዋ ጫፍ ደም ሆኗል።

«አሳዪኝ» አለና ሊንበረከክ ዝቅ አለ።

እግሯን ሰብስባ ከሌላኛው ሥር ደበቀችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አትየው!»

«ጥፍሩ ተነስቶ ይሆናል፤ ዝም ከተባለ…»

«የዚያን ቀኑ አይበቃህም?»

 ሱቁ ውስጥ ያየችውን ነው የምትለው አለ በልቡ፤ ተንበርክኮ ያገኘችውን፣ ካርዱን፣ ውሸቱን። «ያን ቀን… እኔ…» አለ።

«ተወው» አለች፤ ካልሲዋን መልሳ እየሳበች። «እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ከቅርብ ሳይ ነው የምውለው። ሰው ሲያመው፣ ሲፈራ፣ ሲጸየፍ ፊቱ ላይ ይታወቀኛል። ያንተንም አውቄዋለሁ። አልቀየምኩህም።»

አልቀየምኩህም ያለችበት ድምፅ ከስድብ ባሰበት። ተነስታ በተረከዟ እያነከሰች ወደ ሴቶቹ ሄደች። ጡሩምባ «ሐኪሟ፣ ውድድሩስ?» ሲላት «እኔ እንኳ ይቅርብኝ» ስትል ሰማት። ለወራት ስለዚያ ውድድር ስታወራ እንደ ልጅ ያደርጋት ነበር። አሁን እንደ ተበላሸ ዕቃ ወርውራው ሄደች።

እሱ ድንጋዩ ሥር አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ናቀችኝ ብሎ ቢያዝን ይገባው ነበር። ያሳፈረው ግን ሌላ ነው፤ ውሸቱ የወጣው ከእሱ አፍ ሆኖ፣ ደሙ የፈሰሰው ከእሷ እግር መሆኑ።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ሱቁ ውስጥ፣ አንዲት እርጉዝ ሴት የመራመጃ ጫማ ለክታ ስትነሳ «ልግዛው ግን? ይሰፋ ይሆን?» አለችው። ቀላል ጥያቄ ነው። «አይሰፋም፣ ሌላ ላምጣልዎ» ማለት ነው፤ ሺህ ጊዜ ብሎታል። እሱ ግን የሴትዮዋን ጫማ ትቶ በሩን ያይ ጀመር። ካሸሯ መጥታ ሴትዮዋን ተቀበለችው።

«ውጣ» አለችው ቀስ ብላ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቅህም። ግን ሄደህ ጨርሰው። እዚህ ሆነህም የለህም።»

የአርባ ሁለት ሳጥንና የእግር መለኪያውን ብረት በብብቱ ይዞ ወጣ። ደጃፉ ላይ ካርዱን ከአንገቱ ሊያወልቅ አሰበና እጁን መለሰ። ያበጠው ይፈንዳ አለ።

የጥርስ ሐኪሟ ቤት፣ በሩጫ መሃል እንደነገረቻቸው፣ ከክሊኒኳ ጀርባ ነው፤ በሩን ያንኳኳው ልቡ ነው ወይስ እጁ አልለየም። የከፈተችለት እናትየዋ ናት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ካርዱን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ እሱን አየች።

«አንተ የጫማው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ እናቴ።»

«እሰይ! እግሬ እስኪቀጥን ልፈልግህ ነበር። ጫማችሁን ልመልስ ብዬ ብነሳ እኮ ይህቺ ልጅ ከለከለችኝ። ‘ጥፋቱ የእግሬ ነው’ ትለኛለች። እስቲ አሁን እግር ምን ያጠፋል?»

ያቺ ቃል ደረቱ ላይ ቆመች። የእግሬ ነው? «ልግባ?» አለ፤ ሳይፈቀድለትም ገባ።

ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፤ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯ በርጩማ ላይ ነው። ስታየው ጋቢዋን ስባ እግሯን ሸፈነች። እሱ በሳሎኑ መሃል፣ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ የት እንደሚቆም ጠፍቶበት ቆመ።

«ኢንጂነር አይደለሁም» አለ።

እናትየዋ ቀስ ብላ ከበሩ ዞረች። «ምን?»

«መንገድ ሠርቼ አላውቅም። ጫማ ሻጭ ነኝ። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ልጅዎን አውቃት ነበር፤ በየሳምንቱ አብረን ነው የምንሮጠው። እንዳላወቅኋት የሆንኩት አፍሬ ነው።»

«ቆይ» አለች እናት። «ያ ‘የመንገድ ኢንጂነር’ ስትይኝ የነበረው… ይሄ ነው?»

«ነው» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።  እሱ የዚያን ቤት ወለል ተሰንጥቆ ቢውጠው በወደደ፤ ከሷ አልፎ እናቷም ዘንድ ደርሷል፣ ያ የሌለ ኢንጂነር። ምናልባት ስለሱ እየተጨዋወቱ ደስ ብሏቸው ይሆናል።

«ይህን ለመናገር ነው የመጣኸው?» አለችው ልጅቷ።

«አዎ።»

«ይህንንማ ሱቁ ውስጥ ሳይህ ገባኝ። ተንበርክከህ ጫማ የምታስር ሰው መንገድ ሠሪ ነው ብዬ የማስብ መሰለህ? ሞኝ ነኝ?»

«ታዲያ ‘የዚያን ቀኑ አይበቃህም’ ያልሽኝ…»

«ስለ እግሬ ነው!» ድምፅዋ ተሰበረ። «እግሬን አይተህ ፊትህን አዞርክ። ሌላውን ሰውዬ ተንበርክከህ ታስርለታለህ፤ እኔ ስቀመጥ ወደ ኋላ ሸሸህ። ሊነካው እንኳ ተጸየፈ አልኩ። ልጅ ሆኜ ወንድሞቼ ‘ጀልባ’ ነበር የሚሉኝ። ‘ጀልባዋ መጣች፣ ዳር ያዙ!’ እስከ ዛሬ ቁጥሬን ለሻጭ በትክክል ተናግሬ አላውቅም። አርባ አንድ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንተ ሳትከራከረኝ ስታመጣልኝ ደግሞ…» የጋቢዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ደስ አለኝ። ጣቴ እየተቆለመመ ደስ አለኝ።»

እሱ ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። 

«አርባ ሁለት ነው» አለ። «ቀኙ ከግራው ትንሽ ይበልጣል። ዝናብ ዘንቦ ባደረ ቁጥር አፈሩ ላይ አየዋለሁ። ያን ሁሉ ሰው ረግጦት በሄደው መንገድ ላይ የአንቺን ዱካ ለይቼ አውቀዋለሁ። እንዳላጠፋው ዳር ዳሩን ነው የምሮጠው። ጡሩምባ ‘ምነው እንደ ሰካራም ትዞራለህ’ ይለኛል። ምን ልበለው?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እግርሽን ተጸይፌ አይደለም ያልለካሁሽ። ብነካው እጄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው። ጠባብ መሆኑን እያወቅሁ ‘ይሰፋል’ ያልኩሽ ቶሎ ከፊቴ እንድትሄጂልኝ ነው። ለማንም ያላደረግሁትን ላንቺ አደረግሁ። ሻጭነቴ አይደለም የሚያሳፍረኝ አሁን። እሱ ነው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። የሳቅ ይሁን የልቅሶ የማይለይ ድምፅ በጣቶቿ መሃል ወጣ።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ከጧት እስከ ማታ የበሰበሰ ጥርስ ውስጥ አፍንጫዬን ደቅኜ ነው የምውለው። የሰው ምራቅ ፊቴ ላይ እየተረጨ። አንተ በእግር ታፍርብኛለህ?»

እናትየዋ እስካሁን በሩን እንደያዘች ነበረች። መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እኔ አልዋሽህም» አለችው። «ልጄን ለጫማ ሻጭ ብዬ አላሳደግኋትም። ቅር ይለኛል፤ ነገም ቅር ሳይለኝ አይቀርም። ዘመዶቿ ሲጠይቁኝ ምን እንደምል ገና አላውቅም። የዋሸኸው ደግሞ ከዚያ ይብሳል።»

«ይገባኛል፣ እናቴ።»

«አይገባህም። አድምጠኝ።» ዓይኗን ከሁለቱም ላይ አንስታ መስኮቱን አየች። «አባቷ ‘ደህና ነኝ’ የሚል ሰው ነበር። ከአልጋው ጎኑን ይዞ ይነሳል፤ ‘ምነው?’ ስለው ‘ደህና ነኝ፣ ምንም አይደል’። እኔም ማመን ስለሚቀለኝ አምነዋለሁ። እንደዚያ ስንባባል ነው የሞተብኝ።» ከመስኮቱ ወደ እነሱ ዞረች። «እና እናንተ ሁለታችሁ አንዷ ያመማትን ‘ያዝ አደረገኝ’ እያለች፣ አንዱ የሚያውቀውን ‘ይሰፋል’ እያለ በዚህ ቤት አትኖሩም። ሌላው ሌላ ጊዜ ይታያል። በል ሥራህን ሥራ።»

የምን ሥራ እንደምትል ያልገባው ይመስል እናትየዋን አየት አደረጋት። በእጇ ወለሉን አሳየችው።

ተንበረከከ። ጉልበቱ ወለሉን ሲነካ የለመደው ሀፍረት እንደ ሁልጊዜው ከሆዱ ተነስቶ ወደ ፊቱ ወጣ፤ ጆሮው ጋለ። አላባረረውም። ብረቱን ዘረጋ።

«መቆም አለብሽ» አለ። «ያምሻል?»

«ያመኛል» አለች።

ትልቅ ነገር እንደተናገረች ሁሉ ደነገጠች። ጋቢውን ከእግሯ ላይ ገፈፈች፤ ተነሳች። በአንድ እግሯ ስትቆም ዘመም አለች፤ የምትይዘው ነገር ፈልጋ ዙሪያዋን አየች። የሶፋው ክንድ ከጎኗ ነበር፤ የእናቷም ትከሻ አልራቀም።

እጇን እሱ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

ተረከዟን በመዳፉ ተቀብሎ ብረቱ ላይ ሲያስቀምጥ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ እሱም አልደበቀ፣ እሷም እንዳላየች አልሆነችም። እናትየዋ ታያቸዋለች። ቀኙን ለካ፤ ግራውን ለካ። ልጅቷ በሁለት እግሯ ቆማ ነበር አሁን፤ ሚዛኗን አግኝታለች፤ ደግፎ የሚይዛት ሰው አያስፈልጋትም።

እጇን ግን ከትከሻው ላይ አላነሳችም።